ጸጉራሙ አደራ

ሸማ ተራ ውስጥ ቦሰናን የማያውቅ የለም። ጋቢ የገዛ ያውቃታል፤ ያልገዛም ያውቃታል፣ ምክንያቱም ዋጋ ጠይቆ ጥሏት የሚሄደውን ሰው እንኳ መርቃ ነው የምትሸኘው። ከቢቸና መጥታ እዚህ ሱቅ በሠራተኛነት ስትገባ ገና ልጃገረድ ነበረች። ባለሱቋ እትዬ ሸዋርካብሽ እርጅና ሲጫናቸው ሱቁን ለእሷ አከራይተው ቤታቸው አረፉ። ኪራዩ የሰው ኪራይ ነው፤ መርካቶ ውስጥ የሰው ኪራይ የሚባል ነገር ካለ ማለቴ ነው። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ አልወለደችም፤ ያለቻት ይህቺ ሱቅ ናት። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ አለበለዚያ ስለ ውሻው ስነግራችሁ «ታዲያ ለምን አትጥለውም?» ብላችሁ ትፈርዱባታላችሁ።

ውሻው ቼሪ ይባላል። ወንድ ነው፤ ስሙን ያወጡለት እትዬ ሸዋርካብሽ ናቸውና ማንም አይከራከርም። ዱባይ የሚኖረው የወንድማቸው ልጅ ይስሐቅ ነው «ብቻዎን እንዳይሆኑ» ብሎ ያመጣላቸው። ፑድል ከሚባል የፈረንጅ ውሻ የተዳቀለ ነው አሉ። ከሌላ ከምን ጋር እንደተዳቀለ የተጣራ ነገር የለም፤ ቡርሃን ግን «ከበግ ጋር ነው» ይላል። ቡርሃን ከቦሰና ሱቅ ጎን ቀሚስ የሚሰፋ የወሎ ሰው ነው፤ ምላሱ ከመርፌው ይፈጥናል።

እትዬ ሸዋርካብሽ ለሕክምና ወደ ይስሐቅ ዘንድ ሊሄዱ ሲሉ ሱቁ ድረስ መጡ። የጎረቤቱ ነጋዴ ሁሉ ሊሰናበታቸው ተሰብስቦ ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ውሻውን አንስተው ቦሰና ጭን ላይ አስቀመጡት።

«ልጅ እንደሌለኝ ታውቂያለሽ። እስክመለስ ይኸን ልጄን አደራ። ጸጉሩን ብቻ! ጸጉሩን እንዳታበላሺብኝ። እኔም ኪራይ አልጨምርብሽም።»

«ኧረ በሰማይ በምድር፣ እትዬ! ብቻ እርስዎ በደህና ይመለሱ!» አለችና ጉልበታቸውን ሳመች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሁለት ወር ነበር የተባለው፤ ክረምቱ አለፈ፣ ገና አለፈ፣ እሳቸው አልመጡም።

እኛ የምናውቀው ውሻ ጸጉሩን ራሱ ያራግፋል፤ ዝናብ ያጥበዋል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ማንም «እንዴት አደርክ» አይለውም። ይኸኛው አንዲት ዘለላ አይጥልም፤ ዝም ብሎ ያበቅላል። አንድ ቀን ካልተበጠረ ብብቱ ሥርና ጆሮው ኋላ ይቋጠራል፤ ቋጠሮው ቆዳውን ይወጥረዋል። ጆሮው ውስጥ ሳይቀር ይበቅላል፤ እሱ ካልተነቀለ ጆሮው ይታመማል። ዓይኑ ላይ የወረደው ካልተቆረጠ እንባው ፊቱን ያበላሸዋል። ጥፍሩ አለ፣ መዳፉ መሐል ያለው አለ… የውስጥ ሱሪ ብቻ ነው የቀረው! ቦሰና ጠዋት ጠዋት ሱቋን ከመክፈቷ በፊት ሚዶና የሽቦ ብሩሽ ይዛ ትቀመጣለች። የጋቢ ጫፍ ክር፣ ቁጭቱን፣ በመቋጠር ያለቀ ጣቷ አሁን የውሻ ጸጉር ሲፈታ ይውላል።

ማስቆረጥ ሲያስፈልግ ደግሞ ቦሌ ሶሊ ዘንድ ነው የምትሄደው። ሶሊ የውሻ ጸጉር ቤት የከፈተች ልጅ ናት። «የውሻ ጸጉር ቤት!» ቦሰና ይኸን ስትሰማ አማተበች፤ ሂሳቡን ስትሰማ ደግሞ እንደገና አማተበች። አንድ ጊዜ መታጠቢያና መቆረጫው የአንድ ደህና ጋቢ ዋጋ ነው። ወር ከምናምን ሳይሞላ ተመልሶ እዚያው! ያልተጨመረው ኪራይ በውሻው ጀርባ ላይ በቅሎ እየተቆረጠ ይጣላል።

መንገዱስ? በእህል በረንዳ ይዛው ካለፈች ገለባው ሁሉ ተሰብስቦ እሱ ላይ ይሰፍራል። ታክሲ ውስጥ ወያላው «ማዘር፣ በጉ ሂሳብ ይከፍላል!» ይላታል፣ ተሳፋሪው ይስቃል። ቡርሃን ሰላት የሚሰግድ ሰው ነው፤ የውሻ ምራቅ ልብሱን እንዲነካው አይፈልግምና ቼሪን ሲያይ የሚሰፋውን ጨርቅ እስከ አንገቱ ይሰበስባል። «ቦሰና ሙች፣ ይኸን ጓድሽን ያዢልኝ! ከነካኝ ሰባት ጊዜ የምታጥቢኝ አንቺ ነሽ!» ይላታል። ያው ቡርሃን ግን ሁዳዴ ሲገባ አዳናት። ቼሪ አይጾምም፤ ሥጋ ይፈልጋል። የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት ዝግ ነው። ቦሰና ነጠላዋን ተከናንባ ከእስላም ሥጋ ቤት ስትወጣ የሰንበቴ ጓደኞቿ አይተዋት ኖሮ፣ በሳምንቱ «ቦሰና ጾም ፈታች» ተብሎ ተወራ። ከዚያ ወዲያ ቡርሃን ነው እየገዛ በጥቁር ፌስታል የሚያቀብላት።

ይኼ ሁሉ ያስቃል፤ የማያስቀው ሌላ ነው። እኅቷ በለጥሻቸው ቢቸና ላይ የመጀመሪያ ልጇን ስትድር፣ ቦሰና ጥሎሹን አዘጋጅታ፣ ቼሪን አቅፋ አውቶቡስ ተራ ወረደች። ሹፌሩ ውሻ አላሳፍርም አለ። ጭነት ላይ ልታስረው ብታስብ ልቧ እምቢ አላት። የምታስጠጋበት ሰው አጣች፤ «ውሻውንስ እንይዝልሻለን፣ ጸጉሩን ግን አንችልም» ይላታል የጠየቀችው ሁሉ። ተመልሳ ቤቷ ገባች።

«ለውሻ ብለሽ ነው? የኔን ልጅ ሠርግ ለውሻ ጸጉር ብለሽ?» አለቻት እኅቷ በስልክ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልደወለችም።

ቦሰና ያን ቀን ውሻውን አየችው፤ እሱም አያት። ጅራቱን ቆላ። «አንተ ምን አለብህ!» አለችው፣ እንባዋ መጣ። እጅ ከወርች ታስራለች። ብትጥለው በሰው ሁሉ ፊት የተቀበለችው አደራ ነው፤ ሸማ ተራ ውስጥ ደግሞ አደራ በላ የተባለ ሰው ክር እንኳ በዱቤ አያገኝም። ብታበላሸው ሱቋ አለ፤ ደላላው እጥፍ ኪራይ የሚከፍል ሰው ይዞ ይስሐቅን በስልክ ሲጨቀጭቀው ከርሟል።

እሑድ እሑድ ደግሞ ምርመራ አለ። ከቅዳሴ መልስ ይስሐቅ በቪዲዮ ይደውልና ስልኩን ለአክስቱ ይሰጣቸዋል። እትዬ ሸዋርካብሽ ነጠላቸውን ተከናንበው ከስልኩ ከፍ አድርገው እያዩ፣ «እስቲ ልጄን አሳዪኝ! ጆሮውን፣ ጀርባውን፣ አዙሪው እንጂ!» ይላሉ። ቦሰና እያዞረች ታሳያለች። «እሰይ! ባዘቶ ጥጥ አስመሰልሽው!» ሲሏት ተንፈስ ትላለች፤ ሳምንት ተራዘመላት ማለት ነው።

የዘንድሮው ሕማማት ሲገባ ጉድ ፈላ። የፋሲካ ገበያ ነው፤ ሸማ ተራ ሰው በሰው ላይ ይረማመዳል፣ ምሳ የሚበላበት ጊዜ የለም። የሶሊ ቀጠሮ አለፈ። ማበጠሩም ዛሬ ነገ ሲባል ቀረ። ረቡዕ ማታ ቦሰና ሚዶውን ብትሰድ ጥርሱ አልገባም፤ ከአንገቱ እስከ ጭኑ ተቋጥሯል።

ሶሊ «ማዘር፣ አንድ ነገር ብቻ ያዢልኝ፤ ሳታበጥሪው ውሃ እንዳይነካው» ብላት ነበር። ቦሰና ግን ዕድሜዋን ሙሉ ጋቢ ያጠበች ሴት ናት! ክር ሲወሳሰብ ምን እንደሚደረግ ከቦሌ ልጅ ትማር? የጥጥ ቋጠሮ ደረቁን ከጎተቱት ይበጠሳል፤ ውሃ ሲጠጣ ይላላል። ስለዚህ ሰፌድ የምታህል ሳፋ ሙቅ ውሃ ሞልታ፣ ሳሙናውን አሟሟታ፣ ቼሪን ነከረችው። እንደ ጋቢ አሸችው። እንደ ጋቢ ጨመቀችው። ጠዋት ከሱቅ ፊት ፀሐይ ላይ አስቀመጠችው።

ምነው ሸዋ! ጥጥ ሌላ፣ ሱፍ ሌላ! የመንዝ ሰው የሱፍ ብርድ ልብሱን፣ ባናውን፣ የሚያጠብቀው እንዲህ አይደል እንዴ፣ ሙቅ ውሃ አፍስሶ፣ አሽቶ፣ ረግጦ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ቼሪ አንድ ወጥ ባና ለብሶ ቁጭ ብሏል። እግሩን ማንሳት አቃተው። ቡርሃን አየውና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ ጠፋበት። «ኧረ ያረህማን! ቦሰና፣ ይኼ እኮ ሊፈታ አይችልም» አለ።

ሱቋን ለቡርሃን ጥላ፣ በዚያ ገበያ፣ ቦሌ በረረች። ሶሊ በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ መላጫውን አነሳች። ጸጉሩ እየተገፈፈ እንደ ቆዳ በአንድ ላይ ወረደ። ከሥሩ የወጣው ውሻ ሌላ ነው፤ ቀጭን፣ ቀይ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ብብቱ ሥር የቆሰለ። ቦሰና ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። ሶሊ ለጸጉሩ መስሏት «አይዞሽ ማዘር፣ ይበቅላል» አለቻት።

«እንዲህ እያመመው አንዴ እንኳ አልነከሰኝም እኮ!» አለች ቦሰና።

ዐርብ ከስግደት ስትመለስ ቆርጣ ነበር። ለቡርሃን ነገረችው። «በቃኝ። እሑድ ሲደውሉ መላጣውን አሳያቸውና አደራዬን እመልሳለሁ። ይስሐቅ መጥቶ ይውሰደው። ሱቁንም ከፈለጉ ይውሰዱ። ቁጭት ቋጣሪ ሆኜ አልሞትም። እኅቴ ዘንድ እሄዳለሁ።»

«ሱቁንም?» አለ ቡርሃን።

«ሱቁንም!»

ለይስሐቅም «እሑድ ለእትዬ የምነግራቸው ነገር አለኝ» ብላ መልእክት ላከችለት፣ ኋላ እንዳታፈገፍግ። ያን ምሽት ከስንት ጊዜ በኋላ ደህና እንቅልፍ ወሰዳት።

የፋሲካ ዕለት ስልኩ ጮኸ። ቦሰና አልጋዋ ጫፍ ተቀምጣ ቼሪን ጭኗ ላይ አድርጋዋለች፤ ምንም አላለበሰችውም፣ ምንም አልደበቀችም። የምትናገረውን በልቧ ደጋግማዋለች።

«እንኳን አደረሰሽ ልጄ!» አሉ እትዬ ሸዋርካብሽ። ከስተዋል። «በይ፣ ልጄን አሳዪኝ።»

ቦሰና ዓይኗን ጨፍና ስልኩን ወደ መላጣው ውሻ አዞረች።

«እሰይ! እሰይ! ባዘቶ ጥጥ አስመሰልሽው! እጅሽ ይባረክ!»

ቦሰና ዓይኗን ገለጠች። ይቀልዱብኛል አለች በልቧ። ፊታቸውን አየች፤ ቀልድ የለበትም፣ ፈገግ ብለዋል። ከስልኩ በላይ ነው የሚያዩት። ሁልጊዜም እንዲያ ነበር የሚያዩት፤ ይስሐቅን የሚያዩ ይመስላት ነበር እንጂ።

«ጆ… ጆሮውን አዩት እትዬ?» አለችና ስልኩን ወደ ባዶው ግድግዳ አዞረችው።

«አየሁት እንጂ! እንዴት አድርገሽ ብታበጥሪው ነው? አዙሪው፣ ጀርባውን!»

ስልኩን በግድግዳው ላይ አዞረችው።

«ጀርባውም አምሮበታል» አሉ እትዬ ሸዋርካብሽ፤ ድምፃቸው ሳሳ። «እዚህ ምንም አይታየኝም… የሚታይ ነገር የለም ማለቴ ነው፣ ሕንፃ ብቻ። እኔ እሑድን ነው የምጠብቀው። አንቺ ባትኖሪ ማን ይይዝልኝ ነበር? በይ፣ ይስሐቅ የምትነግሪኝ ነገር አለ ብሎኛል። ምንድን ነው?»

ቦሰና አፏን ከፈተች። ያ ሁሉ የደጋገመችው ነገር ምላሷ ላይ ነበር። ቼሪ የሴትዮዋን ድምፅ ሰምቶ ስልኩን አሸተተና ተነፈሰ።

«ሰማሁት! ሰማሁት ልጄን!» ብለው ሳቁ፣ ሳቃቸው ወደ ልቅሶ ሊያደላ።

«ምንም እትዬ» አለች ቦሰና። «እንኳን አደረሰዎት ልልዎ ነው።»

ከሰዓት ቡርሃን ዳቦ ይዞ እንኳን አደረሰሽ ሊላት መጣ። ደጃፉ ላይ እንደቆመ «ነገርሻቸው?» አላት።

«አያዩም፣ ቡርሃን። ዓይናቸው ጠፍቷል። እንዳይታወቅባቸው ነው አየሁ የሚሉት።»

ቡርሃን «ሱብሃነላህ! ታዲያ ተገላገልሽ በይኛ! ማን ሊያይብሽ ነው? በየወሩ ላጭተሽ ጣዪው!» አላት።

«ውጣ ከቤቴ!» ብላ ጮኸችበት፤ በዓመት በዓል፣ ዳቦ ይዞ የመጣውን ሰው። ቡርሃን ክው አለ። እሷም ደነገጠች። «ቢያዩማ ይሻለኝ ነበር» አለችው ዝቅ ብላ። «ቢያዩ ይቆጡኝ ነበር፣ እኔም እመልስላቸው ነበር፣ ነገሩ ያልቅ ነበር። አሁን ለማን ነው የምመልሰው?»

ቡርሃን ዳቦውን አስቀመጠ፣ ጫማውን አውልቆ ገባ፣ ከውሻው ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

ሰኞ ጠዋት ቦሰና ለሶሊ ደወለችላት፤ ቀጠሮ እንድትይዝላት ነው።

«ማዘር፣ መላጣ እኮ ነው! ምኑን ልቁረጠው?» አለች ሶሊ እየሳቀች።

«ያዢልኝ ግዴለም» አለቻት ቦሰና። «ይበቅላል።»