ጌታሁን እስከ መጨረሻው ያየው ጨዋታ

ውሸት ነው ብዬ ስልኬን ዘጋሁት። መልሼ ስከፍተው ያው ነው። የጌታሁን ፎቶ፣ ከሥሩ «ነፍስ ይማር»።

ጌቾ? የኛ ጌቾ? ባለፈው ሳምንት ፌርፋክስ ላይ፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ደጃፍ፣ መኪናዬን ያቆምኩበትን አይቶ «ሰናይት፣ ፓርክ ማድረግሽ ነው ወይስ መጣልሽ?» እያለ ሲስቅብኝ የነበረው ሰውዬ?

ቶራንስ፣ ቤቱ ውስጥ፣ በተኛበት አረፈ አሉ። ቤተሰቡ ሁሉ ሰምቷል፤ ስለዚህ ልጻፍ። ዝም ማለት አልቻልኩም።

ለማታውቁት፣ ጌታሁን ጡረታ የወጣ ኢንጂነር፣ የሁለት ልጆች አባት፣ አፉ የማያርፍ ተረበኛ ነበር። እኔ ያወቅሁት በፈረንጆቹ 1978 ነው። ያኔ ሁላችንም ከአገር ቤት የመጣን ተማሪዎች ነን፤ ዛሬ ኮሪያታውን በምንለው ሰፈር አንድ አፓርታማ ውስጥ ተፋፍገን እንኖራለን።

ሌላው ስለ ፖለቲካ ሲጯጯህ ጌታሁን የጀርመን ኳስ ያያል። አዎ፣ የጀርመን! አዲስ አበባ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ያስተማሩት ሰውዬ ከግላድባህ ከተማ የመጡ ነበሩ። እሱና ታናሽ ወንድሙ ተስፋዬ የሳቸውን ከተማ ቡድን እንደወደዱ ቀሩ። ተስፋዬ እዚያ ሆኖ ውጤቱን በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ይከታተል ነበር። ጌታሁን ደግሞ እዚህ፣ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ያለፈውን ሳምንት ጨዋታ ቆራርጦ ሲያሳይ ያያል።

በመሀል ውጤት ሰምቶ የመጣ ሰው ካለ ጌቾ ሁለት ጆሮውን ይደፍናል። «አትንገሩኝ! ራሴ አየዋለሁ!» እኔ ኳስ አልወድም፤ እስከ ዛሬም አልወድም። እሱ ሲጮህ ግን ሁልጊዜ ያስቀኝ ነበር።

ያን ዓመት ግላድባህና ኮሎኝ ለዋንጫው እንደተናነቁ የመጨረሻው ጨዋታ ላይ ደረሱ። ነጥባቸው እኩል ነው። ኮሎኝ የሚበልጠው በጎል ልዩነት ነበር፣ በአሥር።

አዲስ አበባ ያን ዓመት ምን ትመስል እንደነበር የምታውቁ ታውቃላችሁ። ተስፋዬን ከቤት ከወሰዱት ወራት አልፈዋል። ጌታሁን የሚጠብቀው ሁለት ወሬ ነበር፤ አፉን ሞልቶ የሚያወራው ስለ ኳሱ ብቻ ነው።

በሰሙነ ሕማማት ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ካልቨር ሲቲ በእንግድነት አርፎ፣ ከጌታሁን በቀር ሁላችንን አስጠራን። ተስፋዬ ተገድሏል። እናቱ አስከሬኑን እንኳ አላገኙም።

በበዓል ዋዜማ መርዶ አይነገርም። ፋሲካ ይለፍ አልን። ፋሲካ አለፈ። ደግሞ አንዱ «ያቺን ጨዋታ እንኳ ይያት፤ ወሩን ሙሉ ስለሷ ሲያወራ ነው የከረመው» አለ። ማንም አልተቃወመም። ቅዳሜ ጨዋታውን ያያል፣ እሁድ ሲነጋጋ ተሰብስበን እናረዳዋለን።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ጌታሁን ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ አለ። እኛም ከጀርባው ተደረደርን፣ ኳስ የማናውቅ ሴቶች ሳንቀር። ግላድባህ በዶርትሙንድ ቡድን ላይ ጎሉን ያወርደዋል። ስድስት ለዜሮ ሆነው ለእረፍት ወጡ። ጌቾ ሶፋው ላይ ቆሞ ነበር። «ካም ኦን! አጨብጭቡ እንጂ! ምን ሆናችኋል ዛሬ?»

ውሃ ሊጠጣ ወደ ኩሽና ገባ።

አልማዝ፣ አብራን የምትኖረው ልጅ፣ ለእሁድ የሚሆነውን ንፍሮ ቀቅላ ምድጃው ላይ ትታው ነበር። ጾም በተፈታ በሳምንቱ፣ ሰው ሁሉ ሥጋ በሚበላበት ሰሞን፣ ሐበሻ ቤት የስንዴና የሽምብራ ንፍሮ የሚቀቀለው ለለቅሶ ብቻ ነው። የድስቱ ክዳን ሲነሣ ሰማን። ቆይቶ፣ ቀስ ብሎ ሲገጠምም ሰማን።

ተመልሶ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ግላድባህ ሌላ ስድስት ጎል አገባ። አሥራ ሁለት ለዜሮ! ጌታሁን አንዴም አላጨበጨበም። አልማዝ አፏን በነጠላዋ አፍና ታለቅሳለች፤ ዞሮ አላያትም። በመጨረሻ ጋዜጠኛው ኮሎኝም አምስት ለዜሮ ማሸነፉን፣ በሦስት ጎል ብልጫ ዋንጫውን መውሰዱን ተናገረ።

ተነሥቶ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። ወደኛ ዞረ።

«በሉ፣ አሁን ንገሩኝ።»

«ተስፋዬ ነው፣ አይደል?» ያለው እሱ ነው። መርዶውን ራሱ ለራሱ ነገረ። ከዚያ በኋላ ከደረቱ የወጣውን ድምፅ እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ፌርፋክስ ላይ ምሳ ስንበላ ደፍሬ ጠየቅሁት።

«ጌቾ፣ ድስቱን ከፍተህ ካየህ በኋላ እንዴት ቁጭ ብለህ አየኸው?»

እጁን ከትሪው አነሣ። «ኦኬ፣ ገብቶኛል። ግን እናንተ እስክትነግሩኝ ድረስ አልሞተም አይደል? ሶ፣ ጨዋታውን አብሮኝ ፊኒሽ ያድርግ አልኩ።»

ከዚያ አንድ ጉርሻ አጉርሶኝ ወሬ ለወጠ። ስለዚያ ቀን ሲያወራ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። አንድም ቀን «ለምን ደበቃችሁኝ?» ብሎን አያውቅም። ቢለን ይሻለን ነበር።

ለእኔ ዛሬ የነገረኝ ስልክ ነው። አጠገቤ ሰው አልነበረም፣ የሚይዘኝም አልነበረም። ተናድጃለሁ፣ በማን እንደሆነ አላውቅም።

ጌቾዬ፣ ደህና ሁን። እናትህ ሳይቀብሩት የቀሩትን ልጅ አሁን አንተ ታገኘዋለህ። ያን ዓመት ዋንጫውን ማን እንደወሰደ ሳይሰማ ነው የሄደው፤ መጠየቁ አይቀርም። ቶሎ አትንገረው፣ ወንድሜ። መጀመሪያ አሥራ ሁለቱን ጎል አንድ በአንድ አውራለት። የቀረውን ቀስ ብለህ ታረዳዋለህ።