የአራት ሰዓት መንገድ

ዛሬ ጠዋት ደባርቅ መናኸሪያ ወደ ዳባት የሚመለስ መኪና ስጠብቅ፣ ከአንዲት ቆሎ ሻጭ ሰፌድ የመጣው የትኩስ ገብስ ሽታ እትዬ ባዩሽን አስታወሰኝ። እትዬ ባዩሽ የእናቴ የልብ ጓደኛ ነበረች፤ አጥር ለአጥር የምንኖር የቤተ እስራኤል ሰው።

እነሱ ወደ እስራኤል ሊሄዱ ሲነሱ የወተት ጥርሴ ገና እየተነቀለ ነበር። እናቴ ኢየሩሳሌምን የምታውቃት በእግራቸው ሄደው ሳይመለሱ ከቀሩ መነኮሳት ወሬ ስለነበር፣ አውሮፕላኑም እንደ በቅሎ ማታ ማታ እያረፈ የሚጓዝ መስሏት፣ የወር ስንቅ አሰናዳች። እነ እትዬ ባዩሽ የእኛ እጅ ያበሰለውን ስለማይበሉ ጥሬውን ገብስ አበጥራ ሰጠቻት፣ እሷም በራሷ ምጣድ ቆላችው፣ እኔና ልጆቿ ደግሞ ገና ሳይነሱ ግማሹን ጨረስነው። ሲሰነባበቱ «ከቀደምሽኝ መጥቼ አለቅስልሻለሁ» ብላ ለእናቴ ማለችላት።

እናቴ ቀደመቻት። መርዶውን በስልክ ስነግራት አምርራ አለቀሰችና «ምን ላድርግ ልጄ፣ መንገዱ ሩቅ ሆነብኝ እንጂ» አለችኝ። አመንኳት። ለቀስተኛው ሁሉ «ባዩሽስ ምነው?» ሲለኝ «ሩቅ እኮ ነው» እያልኩ ስሟን ጠበቅሁላት። እኛ ዘንድ የሩቅ ሰው ዓመት ቆይቶም ቢመጣ ለቅሶው እንደ አዲስ ይጀመራል፤ ስለዚህ ከዓመት ዓመት ስጠብቃት ኖርኩ።

ዛሬ መናኸሪያው ውስጥ አብሮኝ የቆመው የእህቴ ልጅ ሙላት ነበር፤ የስሜን ተራራ አስጎብኚ ነው። እንግዶቹ ከቴል አቪቭ እየመጡ መሆናቸውን ሲነግረኝ፣ ስንት ቀን በአየር ላይ እንደሚቆዩ ጠየቅሁት።

«ምን ቀን አለው እትዬ» አለ እየሳቀ። «እስከ አዲስ አበባ አራት ሰዓት ገደማ ቢሆን ነው።»

እኔ ከዚህ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ስሄድ መንገድ ላይ አድራለሁ።

ወደ ዳባት ስንወርድ፣ ገብሱ በመስኮት እያለፈ፣ ላስተባብልላት ሞከርኩ። ቲኬቱ ተወዶባት ይሆናል፣ አሠሪዋ ከልክሏት ይሆናል፣ ጉልበቷም ደክሞ ይሆናል። እንደዚያ ብላኝ ቢሆን አብሬያት አዝን ነበር። እሷ ግን የሄደችበትን፣ ርዝመቱን የምታውቀውን መንገድ፣ ምንም ለማላውቀው ለእኔ ሩቅ ነው አለችኝ። እኔም ውሸቱን ተቀብዬ ለአገሩ ሁሉ አደልኩላት። ከዳችን። እናቴን ብቻ ሳይሆን እኔንም ከዳችኝ፤ የልጅነት ጎረቤቴ ብዬ የምጠራው ሰው ከእንግዲህ የለኝም።

ቤቴ እንደገባሁ ሳጥኑን ከፈትኩ። የሩቅ ለቀስተኛ ሲመጣ የሟች ልብስ ወጥቶ ይለቀስበታል፤ የእናቴን ጥልፍ ቀሚስ ከብል እየጠበቅሁ ያኖርኩት ለእትዬ ባዩሽ ነበር። አወጣሁና ለጎረቤቴ ልጅ ሰጠኋት። ልክ ሆነላት፤ እንደለበሰችው ወደ ገበያ ሄደች።