ለአሩሻ የተላከው ሽሮ

ኪሊማንጃሮ ልወጣ በተነሳሁበት ሳምንት ካሳራኒ በሚባለው ሰፈር ያለው ቤታችን ሳሎን የልብስ ሱቅ መስሎ ነበር። ስሊፒንግ ባጉ፣ የዝናብ ልብሱ፣ የግንባር ባትሪው፣ ወፋፍራም ካልሲው ሁሉ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። እኔ ሻንጣው ላይ ተቀምጬ ከዚፑ ጋር ስታገል፣ አብሬያት የምኖረው አክስቴ ከሐበሾቹ ገበያ፣ ከኢስትሊ ተመለሰች። ሽሮና በርበሬ በፌስታል ላይ ፌስታል ደርባ ጠቅልላለች።

“ይሄን አሩሻ ላለችው ጓደኛዬ ታደርሺልኛለሽ።”

“እትዬ፣ እኔ እኮ ተራራ ነው የምወጣው!” ብዬ ጮህኩ።

“ታዲያ በአሩሻ አይደል የምታልፊው?”

እኛ ሰፈር ድንበር የሚሻገር ሰው ባዶ እጁን አይለቀቅም። እያጉረመረምኩ ወፍራሙን ሹራቤን አወጣሁና ሽሮውን በቦታው ጠቀጠቅኩት።

አሩሻ አውቶቡስ ጣቢያ የአክስቴ ጓደኛ እልል ብላ ተቀበለችኝ። ፌስታሉን አሽትታ ሳቀችና አዲስ ጋቢ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ።

“ሹራቧን ትታ መጥታለች ብላ አክስትሽ ደውላልኝ ነበር።”

ተራራው ላይ አብረውኝ የሚወጡት ጓደኞቼ በውድ ጃኬታቸው ውስጥ ሲንቀጠቀጡ፣ እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ እየዘፈንኩ ወጣሁ። እንደ እኔ የደላው አልነበረም።

ከተራራው ወርጄ አሩሻ ስመለስ ጋቢውን አጣጥፌ፣ እያመሰገንኩ ልመልስላት እጄን ዘረጋሁ። ሴትዮዋ ግን ወደ እኔው ገፋችው።

“እሱማ ለአክስትሽ የላክሁት ነው፤ አድርሺልኝ።”