ጠበሉ ላይ የጠየቅሁት

ባሕታዊው ጠበሉ ደጃፍ ላይ፣ በሕዝብ ፊት፣ «በመጪው ዓመት ወንድ ልጅ ታቅፊያለሽ» ሲለኝ ደስ አላለኝም። ነደደኝ። ማህፀኔ የቀረው አረብ አገር ነው፤ ከአሠሪዬ ፎቅ ወድቄ ደም ሲፈሰኝ ሐኪሞቹ ነፍሴን ለማትረፍ ቆርጠው አወጡት። ቄሱ አባቴም ይህን ያውቃሉ። ከመካነ ሰላም በሚኒባስ እየተንገጫገጭን የወሰዱኝ ከሆዴ ሕመም እንድድን ነበር እንጂ ልጅ ልንለምን አልነበረም።

«አባ፣ እኔ እኮ ማህፀን የለኝም፤ እንዴት ይሆናል?» አልኩት። በቃ፣ ይችን ነው ያልኩት። አልቀለድኩም፣ አልካድኩም። እግዚአብሔር ያቅተዋል ማለቴም አይደለም፤ እንዴት እንደሚያደርገው ማወቅ ፈለግሁ።

እዚያ ቦታ ግን ጠበል የተረጨ ሰው በተነገረው ተስፋ ላይ ጥያቄ ካነሣ የሚናገረው እሱ አይደለም፣ ያደረበት መንፈስ ነው። አጥማቂው፣ አንገቱ የበሬ የሚያህል ጎረምሳ፣ «ተጋለጠ!» ብሎ ጮኸ። ሴቶቹ እልል አሉ። አባቴ ክንዶቼን ወደ ኋላ ያዙኝ። የገዛ አባቴ! የአጥማቂው የእንጨት መቁጠሪያ ጀርባዬ ላይ አረፈ፣ ከዚያ ትከሻዬ፣ ከዚያ አፌ ላይ። አንድ ጥርሴ ተነቀነቀ።

«ስምህን ተናገር!»

«ሴት ነኝ፣ ዓይንህ አያይም?»

«መቼ ነው የምትወጣው?»

«ከገዛ ገላዬ ወጥቼ የት ልግባ፣ አንተ ደንቆሮ!»

በተሳደብኩ ቁጥር ዱላው ባሰ። «እወጣለሁ» ብል ያቆም ነበር፤ ሁሉም እንዲያ ብለው ነው የሚገላገሉት። ግን አንዴ ካልኩት ጥያቄዬ የጋኔን ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ የምናገረውን ሁሉ አባቴ የልጄ ነው ብለው አይሰሙም። ወላሂ፣ ብሞት አልለውም አልኩ።

ደሜን ተፍቼ ወደ አባቴ ዞርኩ። «አባዬ፣ መልአኩ ሲያበሥራት እመቤታችንስ እንዴት ይሆናል ብላ ጠይቃ የለ? እሷን ማን ገረፋት?»

«አያችሁ! ጥቅስ እየጠቀሰ ሊያስታችሁ!» አጥማቂው እጁን እንደገና አነሣ።

አባቴ ለቀቁኝ። ጥምጥማቸውን አውልቀው ጭቃው ላይ አስቀመጡና በእኔና በእሱ መካከል ተንበረከኩ።

«እኔም እጠይቃለሁ» አሉ። «ማህፀን የሌላት ልጄ እንዴት ትወልዳለች? መልስ ካላችሁ ንገሩኝ። ከሌላችሁ እኔንም ምቱ።»

መታቸው። መላጣቸው ተፈነከተ፤ ደሙ በቅንድባቸው ወርዶ ጢማቸው ውስጥ ገባ። የቄስ ደም ያዩት ሴቶች «እግዚኦ!» እያሉ ወደ ኋላ ሸሹ። እኔ ድንጋይ አንሥቼ የአጥማቂውን ጉልበት አልኩለት፤ እሰይ፣ ደግ አደረግሁ! እያነከሰ ሮጠ። ባሕታዊውም ጀርባውን ሰጥቶን ሄደ።

በነጠላዬ ጫፍ ደማቸውን ስጠርግላቸው አባቴ እጄን ያዙ።

«አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። «ቅድም ክንድሽን ስይዝም የምትናገሪው አንቺው መሆንሽን አውቅ ነበር። የልጅሽን ፊት ማየት አምሮኝ ነው።»