ሬዲዮ ፊት የለውም

የጅግጅጋ ነፋስ የጎረቤት ቆርቆሮ አጥር ሲያንገጫግጭ፣ በዚያ መሀል ከአንዱ ቤት ጣቢያ ያጣ ሬዲዮ ሲንሿሿ ከሰማሁ፣ የያዝኩትን መጽሐፍ ገልብጬ አስቀምጥና ሳላስበው ዞር ብዬ የእህቴን ጀርባ እፈልጋለሁ።

እኔ ትምህርት ቤት የገባሁት በአሥራ አንድ ዓመቴ ነው። አፍደም ሳለን እናቴ እስክትሞት ድረስ ታማ ስለነበር ውሃ ስቀዳ፣ ምሳ ስሠራ፣ ታናሼን ራሄልን ሳዝል ጊዜው ሄደ፤ ልብስ ሰፊው አባቴ የስፌት መኪናውን ጭኖ ጅግጅጋ ሲያመጣን ከሰባት ዓመቷ ራሄል ጋር አንድ ዴስክ ላይ ተቀመጥኩ። ዘግይቼ ስለጀመርኩ ነው መሰለኝ ነገር አጠብቅ ነበር፤ አንዲት ፊደል ከመስመር ከወጣች ገጹን እንዳለ እንደገና እጽፈው ነበር። መምህሩ ሲያስተምሩ ቃል እንዳያመልጠኝ ድምፅ ሳላወጣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ እከተላቸው ነበር፤ ራሄል ደግሞ ሰሌዳውን ትታ ዓይኗን አፌ ላይ ትተክል ነበር። ያበግነኝ ነበር። እኔ አንደኛ፣ እሷ ሁለተኛ ስንወጣ «ከእኔ እየኮረጀች ነው» ብዬ ለአባባ ነገርኩት።

«ከአፍ ደግሞ እንዴት ነው የሚኮረጀው?» ብሎ ሳቀ። ነገሩን ግን አልረሳውም።

ሦስተኛ ክፍል ሳለን ኮሮና መጥቶ ትምህርት ቤቶች በተዘጉበት በልግ፣ ትምህርቱ በሬዲዮ ይሰጣል ተባለ። አባባ ሱቁን ዘግቶ በረንዳችን ላይ ይሰፋ ነበርና ሬዲዮውን መኪናው ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ አንጥፎ አስቀመጠው፤ እኛን ደግሞ አንድ አግዳሚ ላይ ጀርባና ጀርባችንን አገናኝቶ፣ እኔን ወደ ሬዲዮው፣ እሷን ወደ ግቢው አዞረን። «እንግዲህ የሚኮረጅ አፍ የለም» አለ። የሬዲዮዋ መምህርት ጥያቄ ጠይቃ ትንሽ ዝም ትልና «ጎበዞች!» ትል ነበር፤ በዚያች ዝምታ እኔ ጮክ ብዬ ስመልስ ራሄል ዓይኗን ከዶሮዎቹ ላይ አታነሳም ነበር።

ትምህርቱ ሲያልቅ አባባ ይጠይቀን ነበር። ራሄል ፊቱን እያየች «አላውቅም» ትላለች። መጀመሪያ ተቆጣ፣ ቀጥሎ ጆሮዋን ቆነጠጠ፣ በመጨረሻም መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክቶ ወደ እኔ ዞረና፣ «ትምህርት ቤት ሲከፈት አንቺ ትሄጃለሽ፤ እሷ ቤት ቁጭ ብላ ቁልፍ ትትከል። በሰው ጭንቅላት ለምታልፍ ልጅ ዩኒፎርም አልሰፋም» አለኝ። እውነቱን ልናገርና፣ የተፈረደልኝ መሰለኝ።

ክረምቱ ገብቶ አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ አባባ ክር ሊገዛ ወጥቶ ሳለ፣ መምህርቷ ስለ ክፍልፋይ ስታስረዳ ድምፁ ራቀብኝ። ተነሥቼ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ጣቢያውን ስፈልግ ሬዲዮው በድንገት ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ለቀቀ። ዶሮዎቹ ተበተኑ። እንደ አክስት «ኤዶ» የምንላት ጎረቤታችን ሐሊማ ከአጥሩ ማዶ፣ «አባዮ፣ አንቺ እህቴ! ወላሂ ልታደነቁሪን ነው!» ብላ ጮኸችብኝ። ዞር ስል ራሄል ጀርባዋን ሰጥታኝ እርሳሷን ትቀርጻለች። ትከሻዋ እንኳ አልተነቃነቀም። ቅራፊው ሳይበጠስ እየተጠቀለለ ሲወርድ አየሁት።

ሬዲዮውን ዘጋሁት። «ራሄል» አልኩ። «ራሄል፣ እባብ! ከኋላሽ እባብ!»

ቅራፊውን ከቀሚሷ ላይ አራገፈች።

አፍደም ባቡር ሲመጣ እኔ ሳልሮጥ ሮጣ አታውቅም። መብራት ጠፍቶ ስናዋራት ስለማትመልስ «እንቅልፋሟ» እያልን እንስቅባት ነበር። ሕፃን ሆና ትኩሳት ጥሏት ከተነሣች ወዲህ ቃላት ስትውጥ «ቅምጥል ሆነች» ብለን ነበር። በፊቷ በኩል ዞርኩና ምንም ድምፅ ሳላወጣ፣ በከንፈሬ ብቻ፣ ግማሽና ግማሽ ስንት እንደሚሆን ጠየቅኋት።

«አንድ» አለች።

አባባ ሲመለስ ብነግረው፣ «በዚህ አይቀለድም» ብሎ ተቆጣኝ፤ ግን ትልቁን መቀስ አንሥቶ ከኋላዋ ቆሞ ከትሪ ጋር አጋጨው። አንዴ። ሁለቴ። ከዚያ ትሪውን እንደያዘ በረንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አላት፣ ለጀርባዋ።

«አባባ፣ ፊት ለፊቷ ሄደህ በላት» አልኩት።

ዞሮ ተንበርክኮ ደገመላት። «ምኑን?» አለችው። ሰው ሁሉ እንደ እሷ ከአፍ የሚያነብ ይመስላት ነበር።

የቀረውን ክረምት እኔ ጀርባዬን ለሬዲዮው፣ ፊቴን ለእሷ ሰጥቼ መምህርቷ ያለችውን ሁሉ በከንፈሬ እደግምላት ነበር። መስከረም አልፎ ትምህርት ቤት ሲከፈት አባባ ሁለት ዩኒፎርም ሰፋ። ያለ ማስክ መግባት ስለማይቻል ለእኔ አፉ ላይ የሚያሳይ ላስቲክ ያለው ማስክ ሠራልኝ፤ ልጆቹ «ቴሌቪዥን መጣች!» እያሉ ይከተሉኝ ነበር። መምህራችንም መጀመሪያ ሳቁ፣ በሳምንቱ ግን ለራሳቸው አንድ አዘዙ።

አሁን ራሄል ሐረር የምልክት ቋንቋ ባለበት ክፍል ትማራለች፤ ትምህርቷ በስልክ ሲመጣላት ከሥሩ ጽሑፍ አለው፣ የእኔን አፍ አትፈልገውም። ቢሆንም ቅዳሜ ቅዳሜ በቪዲዮ ትደውልልኝና «ወደ ብርሃን ዙሪ፣ ደግሞ ቀስ ብለሽ አውሪ» ትለኛለች። ያኔ ጀርባችን ተነካክቶ ያልደረስኩባት ልጅ፣ ዛሬ ከባቢሌ ማዶ ሆና አንዲት ቃል አታመልጣትም። አልፎ አልፎ መስመሩ ይበላሽና ስልኩ ልክ እንደዚያ ሬዲዮ ይንሿሿል፤ እኔ እደነግጣለሁ፣ እሷ አፌን እያየች ቀሪውን ትጠብቃለች።