ዛሪማ፣ ሃያ ክንድ፣ ከታች አሸዋ

ጋሽ አለልኝ ማክሰኞ ጧት ደባርቅ ላይ አርፈዋል። እናንተ የዳባት ዘመዶቻቸው ለቀብሩ ደርሳችኋል፤ ምጽዋ አብረዋቸው የሠሩ በሕይወት ካሉ ግን ማን ይንገራቸው? ይህን የምጽፈው ለሰማውም ላልሰማውም ነው። ለቅሶው ላይ «ከሁሉ የምትቀርባቸው አንተ ነህ፣ አንተ ጻፍ» ተባልኩ። ቀልደኛ ስለሆንኩ የሰዉን ሐዘን ያቀልላል ተብሎ ይሆናል። ሰው ተሳስታችኋል።

ጋሽ አለልኝ በጎረምሳነታቸው እህል ጭኖ በሚወርድ መኪና ምጽዋ ገቡ፤ እዚያም የባሕር ጥልቀት በሚለካ የፈረንጅ መርከብ ላይ ተቀጠሩ። ሥራቸው ጫፉ ላይ ከባድ ብረት የታሰረበት ገመድ ባሕር ውስጥ እየለቀቁ፣ ስንት ክንድ እንደወረደና ከታች አሸዋ ይሁን ድንጋይ መናገር ነበር። ካርታ ላይ ያልሰፈረ ደሴት ሲገኝ በትንሽ ጀልባ ቀድመው የሚረግጡት እሳቸው ናቸው። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖረው፣ ያዩትን ሁሉ በአራት ደብተር ጽፈው ተመለሱ።

ፈረንጆቹ ስም ለሌለው ቦታ ቁጥር ይሰጡታል። እሳቸው ደብተራቸው ላይ ያገራቸውን፣ የዚህን የደባርቅ ዙሪያ ቦታ ስም ያወጡለታል፤ አንዱን ወሽመጥ ዛሪማ፣ አንዱን ደሴት አምባራስ፣ ሌላውን ድብ ባሕር። «ጋሼ፣ ምነው ሌላ ስም ጠፋ?» ብላቸው፣ «ቁጥር ይጠፋብኛል። ያገሬ ስም አይጠፋብኝም» አሉኝ።

ደባርቅ ገመድ እየገመዱ ነው የኖሩት። የበቅሎ ጫኝ ሁሉ የእሳቸውን ቋጠሮ ሊማር ይመጣ ነበር። አንድ ክረምት፣ ምጥ የጠናባትን ሴት ከአምባራስ ሲያመጧት ቃሬዛው ተበጥሶ መንገድ ላይ ቀረች ተባለ። ገመዳቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ተነሡ። እኔም ተከተልኩ፤ ያኔም ቦርጭ ነበረኝ። ዳገቱ መሐል ትንፋሼ ሲቆራረጥ ዞር ብለው፣ «አንተ ልጅ፣ ሁለተኛ ቃሬዛ ይሠራ እንዴ?» አሉኝ። ሴትዮዋ ጋ እንደደረስን ቃሬዛውን እንደ መርከበኛ አልጋ አንጠልጥለው አሰሩት፤ ሴትዮዋ ያን ሁሉ ቁልቁለት ሳትናወጥ ደባርቅ ገባች።

ዓይናቸው ሲደክም እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ደብተሮቹን ያስነብቡኝ ጀመር። ወንዝ ለመሻገር የሰው ትከሻ የምፈልገው ሰውዬ፣ እዚያች ቤት ቁጭ ብዬ ስንት ባሕር አቋረጥኩ!

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ የቀበሌ ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ካድሬው ወንበዴ ስለቀበረው መሣሪያ ሲያስፈራራን ቆይቶ፣ «መሬት ውስጥ ያለውን የሚያውቅ ይናገር!» አለ። አዳራሹ ጭር አለ። እኔ ደግሞ ጭር ያለ ቤት አልችልም።

«ጓድ፣ ጋሽ አለልኝ ይጠየቁ። ዛሪማ ሃያ ክንድ ወርዶ ምን እንዳለ ደብተራቸው ላይ ጽፈውታል» አልኩ።

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ አለልኝም ሳቁ። ካድሬው አልሳቀም።

በማግስቱ ቤታቸው ተፈተሸ። አራቱ ደብተሮች ካድሬው ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጉ። ካድሬው ጣቱን ምራቅ እያስነካ ይገልጣል።

«ዛሪማ፣ ሃያ ክንድ፣ ከታች አሸዋ። አምባራስ በስተ ምሥራቅ፣ ዘጠኝ ክንድ፣ ከታች ድንጋይ። ምንድን ነው ይሄ፣ ሽማግሌ?»

«ባሕር ነው ጌታዬ።»

«ጌታ የለም፣ ጓድ በል! ዛሪማ ባሕር አለ?»

«የእኔው ዛሪማ አለው።»

ወደ እኔ ዞረ። «ጸሐፊ! የተናገርከው አንተ ነህ። ይሄ ባሕር ነው?»

ጋሽ አለልኝ አዩኝ። ሳይጨነቁ ነው ያዩኝ፤ የማውቀውን እንደምናገር እርግጠኛ ነበሩ።

«አላውቅም ጓድ» አልኩ። «ሲወራ ሰምቼ ነው እንጂ አላነበብኩትም።»

ሰባት ወር ታሰሩ። የዛሪማ ገበሬ ከእርሻው እየተጠራ ጉድጓድ ሲቆፍር ከረመ። ሃያ ክንድ ሳይደርሱ ውኃ ወጣባቸው። ያን ውኃ አይቶ እንኳ «ሰውዬው እውነታቸውን ይሆን?» ያለ የለም።

ሲፈቱ የጠየቁት ደብተሮቹን ብቻ ነው። «ጎንደር ተልኳል» ተባሉ። ጎንደር ሄደው ሲጠይቁ «አልደረሰንም»። ደርግ እስኪወድቅ በየወሩ የካድሬው ቢሮ በር ላይ ቆመዋል። ከወደቀ በኋላ አብረን ገባን፤ ወረቀት የሚቆለፍበት ሳጥን ባዶ ነበር።

ከዚያ እንደወጣን አዲስ ደብተር ገዙ። «እኔ አርጅቻለሁ፣ ተደባልቆብኛል። አንተ ግን ሁሉንም አንብበኸዋል። ትዝ ያለህን ጻፍልኝ» አሉኝ። ብዕር ይዤ ተቀመጥኩ። ምን ትዝ አለኝ? የካፒቴኑን ሱሪ ነፋስ የወሰደበት ቀን። ወጥ ሠሪው ጨው መስሎት የሳሙና ዱቄት ሾርባ ውስጥ የጨመረው። የሳቅኩበትን ብቻ ነው የያዝኩት። የደሴቶቹ ቅርጽ፣ የነፋሱ መንገድ፣ ባሕር የበላቸው ጓደኞቻቸው ስም፣ አንዱም የለም። ዛሪማም ቢሆን ትዝ ያለኝ ስለቀለድኩበት ነው።

«ግድ የለም፣ ሱሪውንም ጻፈው» አሉ። አራት ገጽ ሳንሞላ ቀረን።

ስለዚያች «አላውቅም» አንድም ቀን አላነሡብኝም። እኔም ይቅርታ ልጠይቅ በሄድኩ ቁጥር ቀልዱ ከአፌ ይቀድማል፤ ስቀው ይሸኙኛል። ካድሬውን ስረግም የኖርኩት እሱን መርገም ስለሚቀል ነው።

ጋሼ፣ እንግዲህ አፈሩ ይቅለልዎ። ለቅሶዎ ላይ «ወዳጃቸው» ብለው ከፊት አስቀመጡኝ፤ እኔም ሳላፍር ተቀመጥኩ። አንቱ ችለው ዝም አሉልኝ፤ እኔ ግን ከእንግዲህ አልችልም። ያ ካድሬ የጠየቀኝን፣ በሚያውቁዎት ሁሉ ፊት ዛሬ ልመልስ። አንብቤዋለሁ፤ አራቱንም። ባሕር ነው።