ከድምፁ በፊት ያየ ማን ነው

ወረታ ካለው ግቢዬ አንዷን ክፍል የተከራየው መምህር የሚያስተምረው ሳይኮሎጂ ነው። ክፍል ከመግባቱ በፊት ትምህርቱን በረንዳዬ ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ ይለማመዳል። እኔም ሩዝ ስለቅም እሰማዋለሁ። ልስማ ብዬ አይደለም፤ ጆሮ መዝጊያ ስለሌለው ነው።

እንደ እሱ አነጋገር፣ አእምሮን ማጥናት የጀመሩት የመጀመሪያዎቹ ሊቃውንት ሰዎችን አስቀምጠው «ወደ ውስጥህ ተመልከትና ያየኸውን ንገረኝ» ይሉ ነበር። ሁሉም የየራሱን አወራ፤ የሚስማማ ጠፋ። ከዚያ ሌሎች ተነሡና «የማይታይ ነገር አይጠናም፤ የሚጠናው አድራጎት ብቻ ነው» ብለው አእምሮን ከደጅ አስቀሩት። አይጥና እርግብ ሲያሠለጥኑ ዘመን አለፈ። ሰው ያስባል ብሎ ለመናገር የሚያፍሩ ምሁራን! በስተመጨረሻ ኮምፒውተር ተሠራ። ብረት የነገሩትን ተቀብሎ፣ አስቀምጦ፣ መልሶ ሲያወጣ ባዩ ጊዜ «እንግዲያው በሰውም ውስጥ የሚሠራ ነገር አለ» አሉ። ኮግኒቲቭ ሳይኮሎጂ የሚባለው ይኸው ነው፤ ሰው እንዴት ልብ እንደሚል፣ እንዴት እንደሚያስታውስ፣ እንዴት ንግግር እንደሚገባው፣ እንዴት እንደሚያስብ ይመረምራል። ሰው አእምሮ እንዳለው ለማመን የማሽን ምስክርነት ያስፈለገው ትምህርት ነው። እኔ ከዐሥራ ሁለተኛ ክፍል አልዘለቅሁም። ይህን ለመታዘብ ግን በቂ ነበር።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ደህና ሆኖ አገኘሁት። «ትዝታ የእህል ጎታ አይደለም» ይላል መምህሩ። «ያስገባኸውን ያንኑ አታወጣም። ክረምት እንደጎዳው ግድግዳ፣ ባስታወስህ ቁጥር እንደገና ትመርገዋለህ። ጭቃውን ደግሞ ከሰው ወሬም ትዘግናለህ። ስለዚህ እርግጠኝነትና እውነት አንድ አይደሉም።» ምሳሌውን የወሰደው ከእኔው ግድግዳ ነው፤ ያን ሰሞን አስመርግ ነበር።

በዚያው ሰሞን በገበያ ቀን፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ ከሚለያይበት ላይ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ተገጭታ እግሯ ተሰበረ። እኔም እዚያው ነበርሁ። ዷ ሲል ዞርሁ። ሴትዮዋ መሬት ላይ ወድቃለች፤ አጠገቧ ባጃጅ ቆማለች፤ ነጂው ወርዶ ራሷን ደግፏል። አንድ የጭነት መኪና ወደ ሐሙሲት ከተማ አቧራውን እያስነሣ ይሄዳል። ያየሁት ይህን ብቻ ነው።

ሲመሽ ግን ገበያው በሙሉ አይቶ ነበር። አንዱ ባጃጇ ስትከንፍ መጣች አለ፤ ሌላው ነጂው ስልክ ያወራ ነበር አለ። ሳምንቱ ሳያልቅ የመጀመሪያው ስልኩን ጨመረ፣ ሁለተኛው መክነፏን ጨመረ፤ ሁለቱም አንድ አፍ ሆኑ። ያን ዕለት ሐሙሲት የዋለ ሰውዬ ሳይቀር አይቷል። ከሁሉ የባሰው ግን ተከራዬ ነበር። «እማማ፣ በዓይኔ በብረቱ አየሁት! እንዴት አድርጎ እንደገጫት!» ይለኛል፣ እጁን እያወናጨፈ።

የባጃጁ ነጂ ከአጥሬ ጀርባ የሚኖር የጎረቤቴ ልጅ ነው። ጥፋቱን በሽማግሌዎች ፊት ካመነ የባጃጇ ባለቤት ይነጥቀዋል፤ ነገሩ ወደ ፖሊስ ይሄዳል፤ መታሰሩ አይቀርም።

ሽማግሌዎቹ በቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ተቀመጡ፤ አየን ያሉትም ሁሉ፣ ተከራዬም ጭምር፣ ተሰበሰቡ። ሽምግልናውን የሚመሩት ቄስ ልጁን ጠየቁት።

«ልጄ፣ ገጭተሃታል?»

«አባ፣ እኔ ወድቃ አይቼ የቆምሁ ነበር የሚመስለኝ። ግን ይህ ሁሉ ሰው አየሁ ካለ...» አንገቱን ደፋ። «አሁን አሁን ለኔም ስገጫት ይታየኛል።»

«ይኸው! ከአፉ ወጣ!» አለ አንዱ ምስክር።

ሴትዮዋ እግሯን እንዳሰረች ተቀምጣለች። «እኔስ አንድ ትልቅ ጥሩምባ ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲያ የማውቀው የለም» አለች።

«የሱ ባጃጅ እንደ ግልገል ነው የምትጮኸው፤ ትልቅ ጥሩምባ ከየት አመጣች?» አለ ከኋላ የቆመ ቀልደኛ።

«ዝም በል አንተ! የዳኝነት ቦታ ነው!» አሉ አንድ ሽማግሌ።

በአደባባይ መናገር ልማዴ አይደለም። የልጁ አንገት መድፋት ግን አላስቀመጠኝም።

«አባ፣ ይፍቱኝ፤ መምህሩን አንድ ነገር ልጠይቀው።»

«ይጠይቁት።»

«መምህር፣ ዷ ሲል ነው የዞርኸው፣ ወይስ ሳይል?»

«ሲል ነው እንጂ እማማ።»

«ከዚያ በፊትስ ምን ታይ ነበር?»

ኪሱን ዳሰሰ። «ስልኬን» አለ።

«በስልኩ ውስጥ ነዋ ያየው!» አለ ቀልደኛው፤ ሰዉ ሳቀ።

«እማማ፣ ይህኮ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እኔ እርግጠኛ ነኝ!»

«እርግጠኝነትና እውነት አንድ አይደሉም ስትል በረንዳዬ ላይ ሰምቼሃለሁ። ወይስ እሱ ለተማሪ ፈተና ብቻ ነው?»

ቄሱ ብልህ ናቸው፤ ያንኑ ጥያቄ ለእያንዳንዱ ምስክር አቀረቡለት። ሁሉም ዷ ሲል የዞረ ሆኖ ተገኘ። የሐሙሲቱ ሰውዬ ተራው ሳይደርስ ኩታውን አጣፍቶ ወጣ። ሽማግሌዎቹም ከድምፁ በፊት ያየ ካልተገኘ ልጁን አንይዝም፣ ሴትዮዋን ግን ሰፈሩ ተረዳድቶ ያሳክማት ብለው ፈረዱ። ማን እንደገጫት እስከ ዛሬ አይታወቅም። እኔም አላውቅም።

ከወራት በኋላ አንዲት ጎረቤት ተራዋ ደርሶ ማኅበር ደግሳ ተጠርተን ሄድን። መምህሩ ጠላውን ይዞ ያን ቀን ለሰዉ ይተርካል። «ተነሣሁና ‹አባ፣ ከድምፁ በፊት ያየ ማን ነው?› አልኋቸው። ሳይንሱ ያስተማረኝን ነው የጠየቅሁት።»

ፊቱን አጥብቄ አየሁት። አይዋሽም ነበር። ቢዋሽ እንኳ እመርጥ ነበር፤ ውሸታም ቢያንስ እውነቱን ያውቀዋል።

የባጃጁ ነጂ ከጎኑ ተቀምጦ ራሱን ይነቀንቃል። «እውነት ነው፤ መምህር ባይኖር ኖሮ ይኼኔ እስር ቤት ነበርሁ» አለ። ከዚያ ወደኔ ዞረ። «እማማ፣ ያን ዕለት እርስዎም ነበሩ አይደል?»

«ነበርሁ» አልሁት። «ከኋላ ተቀምጬ።»